ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፈተው ጠርሙስ

ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰውዬ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሕንፃው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ቧንቧ» ነው የሚለው። ለዓመታት ደረጃ ላይ ስንተላለፍ «እንዴት ዋልክ»፣ «ደህና» ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበረንም። ያም ሆኖ ብዙ ነገሩን አውቅ ነበር፤ የእሱ ወለል የእኔ ጣሪያ ነውና። መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ጫማውን እንደሚያወልቅ፣ የትኛውን ወንበር ከየት ወዴት እንደሚጎትት ሳልጠይቅ ይነገረኛል።

አንድ ቀን ጣሪያዬ ቢራ አንጠባጠበ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ፍሳሽ ሲደፍን የሚውል ሰው፣ የራሱን ባልዲ አስፈስሶ አልጋዬን አጨማለቀው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ የምለውን ሁሉ አፌ ላይ ደርድሬ ደረጃውን ሽቅብ ወጣሁ። በሩ ክፍት ነው። መወልወያ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ሊያለቅስ ደርሷል። የደረደርኩት ስድብ እዚያው አፌ ላይ ቀረ። ሌላ ጨርቅ ፈልጌ አብረን አደረቅን። ይኼን የማወራውን ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው በቁራጭ በቁራጭ የነገረኝ።

ቢራ መጥመቁን ያመጣው እሱ አይደለም፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። አማቹ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰውን መስታወት ፊት አስቀምጦ «አምሮብሃል» ማለት የዘወትር ሥራው ስለሆነ አፉ ማር ነው፤ የከፋው ሰው እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደከፋው አይነሳም ይባላል። ያኔ እዚሁ ከተማ ይኖር ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ አንድ ከረጢት ብቅልና አንድ እፍኝ የደረቀ ሆፕ ይዞ እህቱ ቤት ገባ። ሆፕ ለቢራ ምሬቱንና ሽታውን የሚሰጠው አበባ ነው፤ የቢራ ጌሾ በሉት። ከደንበኞቹ አንዱ እንዳስተማረው ተናግሮ፣ የእህቱን ትልቁን ድስት አውርዶ፣ ወጥ ቤቱን በሙሉ ያዘው። ቧንቧ ሠራተኛው መጀመሪያ ሳቀበት። በማግስቱ ግን የመዳብ ቧንቧ እያጠማዘዘ የፈላውን ቢራ የሚያቀዘቅዝ ጥቅል ሲሠራለት ዋለ።

የሁለቱ ጨዋታ እንዲህ ነበር። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ጣፋጩን ፈሳሽ ያጠሉና በሦስት ድስት ይከፍሉታል፤ ድስቶቹን እያፈሉ ለእያንዳንዱ የተለየ ሆፕ ይጨምሩበታል። ውሃው አንድ፣ ብቅሉ አንድ፣ እርሾው አንድ ነው፤ የሚለያያቸው አበባው ብቻ። ከዚያ ሦስት ባልዲ ውስጥ እስኪብላላ ጠብቀው በጠርሙስ ያሽጉታል። ሲደርስ አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ የቱ የቱ እንደሆነ ይገምታል። ለአበቦቹ የራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል። አንዱ ጥድ ጥድ ስለሚል «ጥዱ»፣ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ ስለሚሸት «ብርቱካኑ» ነው። ሦስተኛው ሳሙናና የደረቀ አበባ፣ ተዘግቶ የከረመ የልብስ ሳጥን ስለሚሸት «እትዬ» አሉት። እትዬ ወዲያው ደስ አይልም፤ ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል ነው የሚጥመው። ሁለቱም ከሦስቱ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነበር።

የጋሼ ቧንቧ ባለቤት ጠጪ አልነበረችም። ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥታ ሁለቱ ሲከራከሩ እያየች ስትስቅ ትውላለች። አንደኛው «ይኼ ጥዱ ካልሆነ ጆሮዬን ቁረጡት» ይላል፣ ሌላው ብርቱካኑ መሆኑን ያሳየዋል፣ እሷ ቢላዋ ታቀብላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ከወለሉ እስከ መጋረጃው ሆፕ ሆፕ ይሸት ነበር። መጋረጃውን ብታጥበውም ሽታው አይለቅም፤ እሷም ማማረሯን ከተወች ቆይታለች።

በኋላ አማቹ በሚስቱ ሥራ ምክንያት ቤተሰቡን ይዞ ሌላ ከተማ ገባ። እሱ በሄደ በሁለተኛው ዓመት እህቱ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ይኸው አራት ዓመት ሊሆናት ነው።

ከቀብሯ በኋላ ባሉት ቀናት ሁለቱ ወንዶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚነጋገሩት አጡ። ልጅ የለም። እነዚህን ሁለት ሰዎች ዘመድ ያደረገቻቸው አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷ ደግሞ ሄደች። አማች ማለት በሚስት በኩል የሚመጣ ሰው ነው፤ ሚስት ከሌለች በምን በኩል ይመጣል? ጋሼ ቧንቧ ይኼን ጥያቄ ለማንም አላነሳም፤ ሆዱ ውስጥ ግን ሲያብሰለስለው ከረመ። የራሱ ወንድም የለው፣ እህት የለው። አማቹ ሻንጣውን አንስቶ በር ላይ ሲደርስ ደነገጠና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። ሦስቱን ጠምቄ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ አብረን እንቀምሳለን አለው። አማቹ ጥቂት ቆሞ ዓይኑን ጠረገና «ላክ» ብሎ ወጣ።

እንዲህ ተጀመረ፤ ጋሼ ቧንቧም ቅዳሜን ይዞ ኖረ። በሌላው ቀን ሰው አያገኝም ማለት አይደለም። እንዲያውም ስልኩ አያርፍም። ነገር ግን ሰው ቧንቧ ሠራተኛ የሚናፍቀው ውሃው እስኪቆም ነው። ሲደውሉለት «አባቴ፣ ነፍሴ፣ ቶሎ ድረስልኝ» ይሉታል፤ ቧንቧው ሲጠገን «እጅህን እዚህ ታጠብ» ብለው በሩን ያሳዩታል። ከዚያ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይመጣል። የማበስል እንዳይመስልህ፣ ዳቦና እንቁላል ነው ሁልጊዜ ብሎኛል። ማታ ማታ ከላይ የሚሰማኝ የአንድ ሰው እግር፣ የአንድ ሳህን ድምፅ ነበር። እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ይኼን ድምፅ አልስተውም።

ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነው። ጠዋት ተነስቶ ጢሙን ይላጫል። በስልክ ለሚያወራው ሰው ምን ያስላጨዋል ብዬ አንድ ቀን ቀለድኩበት። «ፀጉር አስተካካይ ነው፣ በድምፅም ያውቅብኛል» አለኝ። ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ሦስት ብርጭቆ በመስመር ይደረድራል፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ ደገፍ አድርጎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ ይደወላል። «ከፈትክ?» «ከፈትኩ።» ከዚያ አማቹ ይጀምራል። ይኼ አንደኛው ኃይለኛ ነው፣ አፍንጫዬን ሰነጠቀው፣ ቆይ ቆይ ከኋላ አንድ ልጣጭ ነገር ይመጣል፣ አረፋው አልጠፋ አለኝ ይላል። በየጠርሙሱ ቆርኪ ላይ ቁጥር የሚጽፈው ጋሼ ቧንቧ ስለሆነ መልሱን የሚያውቅ እሱ ነው፤ አማቹ ይገምታል። አንዳንዴ ያገኘዋል፣ ብዙ ጊዜ ይስታል። ሲስት «ጉንፋን ይዞኛል» ይላል። ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነበር። ጋሼ ቧንቧ ይኼን ሰምቶ ይንከተከታል። በሳምንት አንድ ከሰዓት ጣሪያዬ ሲስቅ እሰማለሁ።

እንዲህ እያሉ በዚህ ዓመት ቆርኪ መግጠሚያው አስቸገረው። እጀታውን ሲጫኑት ቆርኪውን አጣሞ ይገጥማል፤ ጠርሙሱ ጋዙን ያስመልጥና ቢራው አረፋ የሌለው የተኛ ይሆናል። መቼም ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ ይገዛል። ጋሼ ቧንቧ ግን የሚያፈስ ነገር አይቶ አያልፍም። መግጠሚያውን ፈታትቶ፣ ሞርዶ፣ ከጎማ ቁራጭ ቀለበት ሠርቶ መልሶ ገጠመው። ከዚያ እንደ ሥራው ሥርዓት በውሃ ፈተነው። ቧንቧ ሠራተኛ የጠገነውን ነገር ውሃ ሳይሞላበት አያምንም። አንድ ሳጥን የሚሞሉ ቡናማ ጠርሙሶች ከቧንቧ ሞልቶ፣ ቆርኪ ገጥሞ፣ ጋዜጣ ላይ አጋድሞ አሳደራቸው። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ነበር። ደስ አለው፤ በዚያው ቀን ሦስቱን ባልዲ ቢራ በጠርሙስ አሸገ። ውሃዎቹንም አንስቶ እዚያው ጠረጴዛ ሥር፣ ከቢራዎቹ ቀጥሎ ደርድሮ አቆማቸው። ነገ ደፍቼ ጠርሙሱን አጥባለሁ አለ። ነገ ማለት እንግዲህ ነገ ነው፤ ሳይደፋቸው ከረሙ።

ቢራው ሲደርስ ለራሱ ሦስት ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስገባ። የተቀረው ለአማቹ ነው። ሊያሽግ የነበረ ዕለት ጠዋት ግን የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውሃ ሞላ ተብሎ ተደወለለት። መሣሪያውን በአንድ እጁ፣ ሳጥኑን በአንድ እጁ ሊይዝ ነው፤ አውቶቡሱም ሊወጣ ነው። ጎንበስ ብሎ አንዱን ረድፍ አንስቶ፣ ቆርኪዎቹ ላይ ቁጥር ጽፎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሳጥኑን አስሮ ወጣ። ቡናማ ጠርሙስ ነው፤ ክብደቱ ያው፣ ቆርኪው ያው። ለሾፌሩ ሰጥቶ ወደ ምድር ቤቱ ሮጠ።

ቅዳሜ ደረሰ። ተላጨ፣ ሸሚዙን ለበሰ፣ ብርጭቆ ደረደረ። ስልኩ ተደወለ። «ሳጥኑ ደረሰ?» «ደረሰ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ነው ያመጣሁት።» «በል ክፈት።» የራሱን አንደኛውን ከፈተ፤ የሚያምር ነበር። ጥዱ አፉ ውስጥ ገብቶ አፍንጫው ድረስ ወጣለት፤ አዲሱ የቆርኪ መግጠሚያ ጋዙን ጠብቆ ይዞታል። አማቹም ከወዲያ ማዶ ያደንቅ ጀመር። አረፋው ይኼን ያህል ቆሟል አለ፣ በጣቱ እየለካ መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል። ምሬቱ ልክ ነው አለ። ከሠራኸው ሁሉ ይኼ አንደኛ ነው አለ። ጋሼ ቧንቧ ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። ቁጥር ሁለትን ሊከፍት ሲል መክፈቻው አመለጠውና ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

ጠረጴዛው ሥር የቀሩት ጠርሙሶች ቆመዋል። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቂጣቸው ላይ አርፏል፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ሥር ነጣ ያለ አተላ ተኝቷል። ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ሲከርም እርሾው ሥሩ ይዘቅጣል። ውሃ አተላ የለውም። ውሃን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንዱን አንስቶ በቀስታ ከፈተው። ፍሽሽ አለ። አሸተተው፤ ብርቱካኑ ነው። ስልኩ ውስጥ አማቹ፣ «ቁጥር ሁለትን ቀመስኩት፤ ወይ ጉድ፣ ይኼ እትዬ ነው፤ ሳጥኗን ከፍታ ልብሷን እያወጣች ነው» እያለ ይስቃል። የቧንቧ ውሃ ቀርቦለት እንዲህ ይላል። ጋሼ ቧንቧ ጠርሙሱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ አለህ?» አለው። «አለሁ» አለ። «ሦስተኛውን ልክፈት?» «ክፈት።» አማቹ ሦስተኛውንም ከፈትኩ አለና ሦስተኛውንም አደነቀለት። ከዚያ እንደ ወትሮው ደህና ሁን ተባብለው ዘጉት። እኔ ያን ዕለት ከታች ሳቅ አልሰማሁም፤ የሰማሁት ወንበር ሳይጎተት ለብዙ ጊዜ የቆየ ፀጥታ ነው።

የዚያን ሳምንት ጋሼ ቧንቧ የለየለት ክፉ ሰው ሆነ። ደረጃ ላይ ሰላም አልለኝም። አንዲት ደንበኛ «ትንሽ ቶሎ ብትመጣ ኖሮ» ብትለው የመታጠቢያ ቧንቧዋን ግማሽ ፈትቶ ትቷት ወጣ፤ በማግስቱ አፍሮ ተመልሶ ሠራላት። ሌት ከቀን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው? አንድ ጊዜ እኮ ጥዱ ኮምጥጦበት፣ ከላከው በኋላ ነበር ያወቀው፤ በሐፍረት ሊሞት ሲል አማቹ «ልዩ ነው» ብሎ አጽናንቶታል። የዋህነት መስሎት ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ተገለበጠበት። ያ ሁሉ ልጣጭ፣ ያ ሁሉ አረፋ፣ ያ ሁሉ ጉንፋን የአፍ ወሬ ነው። እንግዲህ እሱም ከእነዚያ ወንበሩ ላይ ከሚቀመጡት ደንበኞች እንደ አንዱ ሆኖ «አምሮብሃል» ሲባል ነው የኖረው።

ከንዴቱ ሥር ያለው ግን ፍርሃት ነው። ይኼን ራሱ አልደበቀኝም። ቢናገር ምን ይሆናል? አማቹ ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ስልክ አይደውልም። ያ ስልክ ከቀረ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ ቧንቧ የማይፈስበት ሰው አንድም አይፈልገውም። ባይናገር ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማን ጋር ነው የሚያወራው? እንዳላየ ሆኖ ቢቀጥል የሚያልፍ መስሎት ለራሱ ብዙ ለፈለፈ። ልቡ ግን እሺ አላለውም። እኔ ብሆን ስልኩን በዚያው ዕለት ሰድቤ ዘግቼው ነበር፤ ለዚህ ነው እንግዲህ እኔም ቅዳሜ የሚደውልልኝ የሌለኝ።

ቅዳሜ ሲመጣ አልተላጨም። ብርጭቆም አላወጣም። ስልኩ ሲጠራ ብዙ አስጠርቶ አነሳው። አማቹ በተለመደው አፉ፣ ካለፈው ሳጥን የተረፈ አንድ እትዬ እንዳለው፣ እሱን ሊከፍት እንደሆነ መናገር ሲጀምር አቋረጠው።

«ባለፈው የላክሁልህ ውሃ ነው» አለው።

ከወዲያ መቀስ ሲቀመጥ ተሰማ።

«የቧንቧ ውሃ ነው። ቆርኪ ልሞክርበት የሞላሁት። ቸኩዬ ተሳስቼ አሸግሁልህ። ቢራው እዚህ ጠረጴዛዬ ሥር ነው ያለው።»

አማቹ ከሱቁ ነው የሚደውለው፤ ከኋላው የፀጉር ማድረቂያ ሲጠፋ ይሰማል። ከዚያ በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ወደ ጓሮ ወጥቶ መሆን አለበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው ጋሼ ቧንቧ።

«ከመጀመሪያው።»

«አንዱንም አልቀመስክም?»

«የመጀመሪያውን ሳጥን የደረሰ ዕለት ከፈትኩት። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ። የእህቴ ወጥ ቤት ሸተተኝ። በሩ ላይ የተቀመጠች መስሎኝ ዞሬ አየሁ እኮ፣ ጋሼ። አልወረደልኝም። ከዚያ ወዲህ አንዱንም መክፈት አልቻልኩም። ለሰው ልሰጠው አልሆነልኝም፣ ልደፋው አልሆነልኝም። ዕቃ ቤት ደርድሬዋለሁ፤ ሚስቴ ቦታ አጣሁ እያለች ትጨቃጨቀኛለች።»

ጋሼ ቧንቧ እኮ የሚጠምቀው ለዚያው ሽታ ነበር። ድስቱ ሲፈላ፣ አበባው ሲገባበት፣ እንፋሎቱ መጋረጃውን ሲይዘው፣ ቤቱ ለአንድ ከሰዓት በኋላ እሷ ያለችበት ቤት ይመስለዋል። በዚያች ሰዓት ብቻ ነው ሰውነቱ ዘና የሚለው። እሱ ያን ሽታ እያሸገ ሲልክ፣ ተቀባዩ እንደ እሳት ሲሸሸው ኖሯል። ቢሆንም ንዴቱ አልወጣለትም።

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?» አለው። «አራት ዓመት ሙሉ ስትቀልድብኝ ኖርክ።»

«ብነግርህ መጥመቅ ታቆማለህ። ካቆምክ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ታወራኛለህ?»

«እንዴት ነህ እልህ ነበር።»

«እሱንማ ለማንም ትላለህ» አለ አማቹ። ድምፁ ከረረ፤ በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ተናግሮት አያውቅም። «ቀለድክብኝ አትበለኝ፣ ጋሼ። አራት ዓመት ሙሉ አረፋው እንዴት ነው አልከኝ፣ ምሬቱ እንዴት ነው አልከኝ። አንድ ቀን ስለ እህቴ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ለአንተ ሚስትህ ናት የሞተችው። ለኔስ?»

ጋሼ ቧንቧ ይኼን ሲነግረኝ እኔ ቤት ወጥ ቤት ቆሞ የቧንቧዬን ጎማ እየለወጠ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የቀብሩ ቀን ነው የታወሰው። ሰው ሁሉ ተሰልፎ እጁን የጨበጠው እሱን ነው። «አይዞህ» የተባለው እሱ ነው። አማቹ በዚያ ሁሉ ሰዓት ወንበር ሲያመላልስ፣ ለሽማግሌዎች ቦታ ሲያስለቅቅ፣ መኪና ሲያሳልፍ ነበር። አንድም ሰው ትከሻውን የያዘው አልነበረም። እሱ ራሱም አልያዘውም። ወሬ አዋቂ ነው፣ ለሌላውም የሚተርፍ ነው ብሎ አስቦ መሆን አለበት፤ ምናልባትም ምንም አላሰበም።

አሁን የሚያወሩት ቢራ የለም፤ ከዚያ ውጪ ያለው ነገር ሁሉ እሷ ናት። ጋሼ ቧንቧ ስልኩ የሚዘጋ መሰለው። ተዘግቶ እንዳይቀር ፈራ፤ እንዲያ ፈርቶ አያውቅም።

«ልጅ ሆና እንዴት ያለች ነበረች?» አለ።

አማቹ አፍንጫውን ጠርጎ፣ «ዛፍ ላይ ትወጣ ነበር» አለ።

«ማን፣ እሷ?»

«እሷ ናታ። ከቤታችን ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ወንዶቹ የማይደርሱበት ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትሰድባቸዋለች። እኔን በጀርባዋ አዝላ ለማውጣት ሞክራ አንድ ቀን ወደቅን። እኔ እንዳልጎዳ ብላ በክንዷ ነው ያረፈችው። እናታችን እንዳትሰማ ሳታለቅስ ዋለች፤ ስትሰማ ደግሞ የተመታሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ቧንቧ አብሯት ሲኖር፣ አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ ለመውጣት የምትፈራ ሴት ነበረች። «እኔ አልወጣም፣ አንተ ውጣ» እያለች እሱ ነበር የሚወጣው። ክርኗ ሥር ያለውን ጠባሳም ያውቀዋል፤ ስትተኛ ፊቱ ላይ የሚያርፈው በዚያ በኩል ያለው ክንዷ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ግን ከምን እንደመጣ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ወንበሩን ሳበና ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ተቀመጠ። «ከዚያስ?» አለው።